የፍጥነት መኪና አፍንጫ በኮምቦልቻ ጋራዥ እንዴት ይሠራል? ዝርዝር መመሪያ

ዲኤክስ የምንላትን ቶዮታ ኮሮላ ከፊት ለፊት ቆሞ ያያት ሰው አየሩ እንዴት እንደሚቀበላት ለመገመት ምህንድስና መማር አያስፈልገውም። ቀጥ ብሎ የቆመ ግሪል፣ ማዕዘናቸው ያልተሞረደ ፓራፋንጎዎች፣ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ፓራውልት፣ ከሥር ደግሞ ሆዱ ክፍት የሆነ የሞተር ቤት አላት። በዚህች መኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ የሚይዛችሁ ፍሬኑ ነው። በተዘጋ ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላድርሳት ስትሉ ግን የሚይዛችሁ አየሩ ነው።

ይህ መመሪያ ላሜራ መቀጥቀጥ፣ ብየዳና ፋይበር ግላስ ለሚያውቁ፣ ወይም ከሚያውቅ ባለሙያ ጋር ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎችም የመመረቂያ ሥራ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌነት የያዝኩት ዲኤክስን ነው፤ አሠራሩ ግን ለላዳም ሆነ ከባዶ ለተበየደ ሻሲ ያገለግላል።

ሹል ይሁን የሚለውን ነገር በቅድሚያ እናንሳ

ጋራዥ ውስጥ ስለ ፍጥነት መኪና ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው እጁን እንደ ጦር ያሾላል። አየር የሚቀደድ ነገር ስለሚመስለን ነው። ሹል አፍንጫ ግን ከድምፅ ፍጥነት በላይ ለሚሄድ ነገር የተመረጠ ቅርጽ ነው። እንግሊዛዊው አንዲ ግሪን ጥቅምት 1997 በፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ብላክ ሮክ በረሃ ትረስት ኤስኤስሲ የተባለችውን መኪና 1,227.985 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲነዳት አየሩ መኪናዋ መምጣቷን አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ የግፊት ለውጥ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነውና። እኛ የምናወራው 200 ኪሎ ሜትር ከድምፅ ፍጥነት አንድ ስድስተኛ አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት አየሩ መኪናው ሳይደርስበት ገና መንገድ መልቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ከአፍንጫው የሚጠበቀው ሥራ የመጣለትን አየር ሳያናድድ ወደ ላይና ወደ ጎን ማሳለፍ፣ ወደ ሆድ ዕቃውና ወደ ሥሩ የሚገባውን ደግሞ መቆጠብ ነው። ድቡልቡል አፍንጫ ይህንን ከሹሉ እኩል፣ ብዙ ጊዜም በተሻለ ሁኔታ ይሠራል። በተለይ የጎን ነፋስ ሲኖር ሹል ጫፍ አየሩን በአንድ ጎኑ ያላቅቀዋል።

ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

አየሩ መኪናን የሚቃወምበት ኃይል የሚገኘው የአየሩን እፍጋት ግማሽ በፍጥነት ስኩዌር፣ ያንን በመኪናው የፊት ስፋት፣ ያንን ደግሞ በተቃውሞ ኮፊሸንት (ቅርጹ አየሩን ምን ያህል እንደሚቃወም በሚያሳይ ቁጥር) በማባዛት ነው። ፍጥነቱ በሜትር በሴኮንድ፣ ስፋቱ በካሬ ሜትር ከሆነ ውጤቱ በኒውተን ይወጣል። ኃይሉን እንደገና በፍጥነቱ ብታባዙት አየሩ ከሞተሩ የሚበላውን ጉልበት በዋት ታገኛላችሁ። ጉልበቱ በፍጥነት ኪዩብ ስለሚያድግ፣ ከ100 ወደ 200 ለመድረስ ለአየሩ ብቻ ስምንት እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል።

የፊት ስፋቱን ለማግኘት መኪናዋን በነጣ ግድግዳ ፊት አቁሙ። ከጎኗ ርዝመቱ በትክክል የታወቀ ጣውላ ይቁም። 30 ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ ስልኩን በፊት መብራት ከፍታ ይዛችሁ፣ አጉልታችሁ ፎቶ አንሱ። ከቅርብ የተነሳ ፎቶ አፍንጫውን ስለሚያሰፋው ለዚህ አይሆንም። ፎቶውን አሳትማችሁ ካሬ መስመር አስምሩበትና ቁጠሩ። የዲኤክስ ዓይነት አነስተኛ መኪና 1.9 ካሬ ሜትር አካባቢ ትወጣለች።

እፍጋቱ የሚወሰነው በቦታው ነው። በባሕር ጠለል በ15 ዲግሪ ሙቀት አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ በ25 ዲግሪ 0.95 አካባቢ ይሆናል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ በ18 ዲግሪ ወደ 0.89 ይወርዳል። ከባሕር ጠለል 120 ሜትር ያህል በታች በሆነው የአፋር የጨው ሜዳ ደግሞ በ40 ዲግሪ ሙቀት 1.14 ይደርሳል።

እንግዲህ ኮምቦልቻ ላይ፣ በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ የፊት ስፋቷ 1.9፣ ኮፊሸንቷ 0.45 የሆነች መኪና 1,250 ኒውተን ያህል ተቃውሞ ይገጥማታል። ይህ 70 ኪሎ ዋት ወይም 95 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ያውም ጎማው ላይ የደረሰ ጉልበት እንጂ ሞተሩ ላይ የተጻፈው አይደለም። ኮፊሸንቱ 0.36 ቢሆን የሚያስፈልገው ወደ 76 የፈረስ ጉልበት ይወርዳል። አሥራ ዘጠኝ የፈረስ ጉልበት ከዕድሜ ጠገብ ሞተር ለማውጣት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚፈስ ሞተር አውርዶ የሚያውቅ ይነግራችኋል። ከላሜራና ከፋይበር ግላስ ለማውጣት ግን የሚፈለገው በዋነኛነት ትዕግሥት ነው።

ከፍታ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር ደሴ ላይ ሁሌም አለ። ተርቦ የሌለው ሞተር በሳሳ አየር የሚያጣው ጉልበት ከተቃውሞው መቀነስ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ፣ የመጨረሻ ፍጥነቱ ብዙም አይለወጥም። ተርቦ ያለው ግን የጎደለውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኮፊሸንቱ በፊት ስፋቱን መቀነስ ይቻል እንደሆነ እዩ። በ1965 በፈረንጆች አቆጣጠር የአሜሪካዎቹ የሰመርስ ወንድማማቾች መኪና ጎልደንሮድ በቦነቪል የጨው ሜዳ ከ658 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የሮጠችው አራት ሞተሮችን በአንድ መስመር ከኋላና ከፊት ደርድራ፣ የፊት ስፋቷን በማጥበብ ነው። ዲኤክስን ማጥበብ አይቻልም። ዝቅ ማድረግ፣ የጎን መመልከቻ መስታወቶቿን ማውጣትና ጎማውን ማቅጠን ግን ይቻላል።

ደንቡንና ቦታውን አጣሩ

የፍጥነት ውድድሮች መኪናዎችን በምድብ ይከፍላሉ። በአንዳንዱ ምድብ የፋብሪካው አፍንጫ መነካት የለበትም፤ በሌላው እስከተወሰነ ርዝመት ብቻ ይፈቀዳል። የዓለም ክብረ ወሰን ለመመዝገብ ደግሞ መኪናው በአንድ ሰዓት ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ ሮጦ አማካዩ ነው የሚያዘው። ስለዚህ የምትሠሩት አፍንጫ ነፋሱ ከፊትም ከኋላም ሲመጣ የሚታመን መሆን አለበት።

ሙከራውን ዋናው መንገድ ላይ አታስቡት። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች መተላለፊያ ነው። ሐረጎ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ነው። ወደ ሐርቡ የሚወስደው የቦርከና ሸለቆ መንገድ ሜዳ ቢመስልም እረኛና ከብት አለበት። ባለቤቱ የፈቀደው፣ ለሕዝብ የተዘጋ፣ ቀጥ ያለና ደልዳላ ቦታ እስካልተገኘ ድረስ ሥራው ጋራዥ ውስጥ ይቆይ። ደልዳላ ያልኩበትን ምክንያት ወደፊት ስለ ፈተናዎቹ ስናወራ ታዩታላችሁ።

ከመቁረጣችሁ በፊት ያለውን መርምሩ

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ረዘም አድርጌ የምጽፈው ይህንን ነው። መኪናው አሁን ባለበት ሁኔታ አየሩ ምን እንደሚያደርግ ሳታውቁ የሠራችሁት አፍንጫ ግምት ነው።

በትንሽ ሞዴል ነፋስ እየነፉ መሞከር ያጓጓል። ነገር ግን አንድ አሥረኛ የሆነ ሞዴል በቀስታ ነፋስ ውስጥ ያለው የአየር ጠባይ ከትልቁ መኪና የተለየ ነው፤ ትልቁ መኪና ላይ ተጣብቆ የሚያልፈው አየር ሞዴሉ ላይ ይላቀቃል። እውነተኛውን መኪና በ80 ኪሎ ሜትር መፈተን ይሻላል።

የመጀመሪያው ፈተና ክር ነው። ከደሴ ሰኞ ገበያ የሹራብ ክር ግዙ፤ ከመኪናው ቀለም የሚለይ ይሁን። እያንዳንዱን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ፣ በኮፈኖው፣ በፓራፋንጎውና ከፊት ጎማው ኋላ ባለው ጎን ላይ በአሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር ርቀት በፕላስተር ለጥፉ። ሌላ መኪና ጎን ለጎን እየሄደ ይቅረጽ። ቀጥ ብሎ የተኛ ክር አየሩ ገላውን ይዞ እያለፈ መሆኑን ያሳያል። የሚሽከረከር ወይም ወደ ፊት የሚታጠፍ ክር አየሩ ተላቆ እንደተረበሸ ይናገራል። ዲኤክስ ላይ የመጀመሪያው ረብሻ የሚጠበቀው ከግሪሉ ጠርዝ ወዲያ በኮፈኖው መጀመሪያና በፓራፋንጎው የፊት ማዕዘን ላይ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ግፊት ነው። ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ግዙ፤ ቀጭን፣ ግልጽና ርካሽ ነው። አንዱን ቁራጭ በዩ ቅርጽ አጥፋችሁ በጣውላ ላይ ከማስመሪያ ጎን እሰሩና እስከ ግማሹ ቀለም የተበጠበጠበት ውኃ ሙሉበት። ከሁለቱ ጫፎች ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች ወደ ውጭ ይውጡ። አንዱን በአፍንጫው መሃል፣ አየሩ ፊት ለፊት በሚመታበት ነጥብ ላይ አድርጉት፤ ይህ ቦታ አየሩ የሚቆምበትና ግፊቱ ከሁሉም የሚበልጥበት ነው። የሌላውን ጫፍ መሃሉ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ባላት ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ክብ ላይ አጣብቁና ክቧን መመርመር በምትፈልጉት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ቀዳዳው ወደ አየሩ ሳይሆን ወደ ላይ ይከፈት።

ኮምቦልቻ ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አየሩ ሙሉ በሙሉ ሲቆም የሚፈጥረው ተጨማሪ ግፊት 235 ፓስካል፣ በውኃ ደግሞ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን ቁጥር ያዙት። በሁለቱ የቱቦ ክንዶች መካከል ያለው የውኃ ልዩነት 24 ከሆነ የተመረመረው ቦታ ግፊት ከአካባቢው አየር ጋር እኩል ነው። ከ24 ካነሰ ቦታው ላይ ግፊት አለ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ለራዲያተር አየር ማስገቢያ ምቹ ይሆናል። ከ24 ከበለጠ ቦታው እየሳበ ነው፤ የራዲያተሩ አየር መውጣት ያለበት በዚያ ነው።

በዚህ መንገድ ኮፈኖውን ከፊት እስከ መስታወቱ ሥር ድረስ ፈትሹት። ከፊተኛው ጠርዝ ወዲያ ብርቱ መሳብ ታገኛላችሁ፤ ወደ ኋላ ስትሄዱ እየቀነሰ ሄዶ መስታወቱ ሥር ሲደርስ ወደ ግፊት ይለወጣል። ሙቀት ይውጣ ብለው ኮፈኖውን መስታወቱ ሥር የሚቀዱ ወይም የኋላውን ጠርዝ በዳዶ ከፍ የሚያደርጉ ሰዎች በፍጥነት ጊዜ አየር እያስገቡ ነው።

ሁለቱም ጫፎች መኪናው ላይ መሆናቸው በከንቱ አይደለም። አንዱን ጫፍ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ብታደርጉት፣ መንገዱ አንድ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ የጠርሙሱ አየር አንድ ዲግሪ ቢሞቅ ደግሞ ንባቡ በሙሉ ይጠፋል። ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ ሥሩ፤ በሁለቱም አቅጣጫ ነድታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ሦስተኛው ፈተና ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ነው። መኪናዋን 100 አድርሱና ማርሹን ነፃ አድርጋችሁ ከ100 ወደ 90 ለመውረድ የሚፈጅባትን ጊዜ መዝግቡ። ከነሾፌሯ 1,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከላይ ባልነው ኮፊሸንት 0.45 ስድስት ሴኮንድ ተኩል ያህል፣ በ0.36 ደግሞ ሰባት ሴኮንድ ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። ልዩነቱ አንድ ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነውና ደጋግማችሁ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በአንድ ዓይነት የጎማ ንፋስ መሥራት ግድ ነው። ሜዳው አንድ በመቶ ብቻ ቢያዘነብል ከ90 ኒውተን በላይ ስለሚጨምር ወይም ስለሚቀንስ ጠቅላላ ሥራችሁ ይበላሻል።

ቅርጹን በካርቶን አውጡ

ከማዕዘኖቹ ጀምሩ። ጠርዝን ማድቦልቦል ከሁሉም ርካሽና ከሁሉም ብዙ የሚያተርፍ ሥራ ነው፤ ደግነቱ ትንሹ ይበቃል። የክቡ ራዲየስ ከመኪናው ወርድ 5 በመቶ ገደማ ሲደርስ፣ ዲኤክስ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ አየሩ በአብዛኛው ሳይላቀቅ ይዞራል። ከዚያ በላይ መጨመር ጥቂት እንጂ ብዙ አይሰጥም። በኮፈኖው ጠርዝ 8 ወይም 10፣ በጎን ማዕዘኖቹ ደግሞ ከፊት ጎማው ተሽከርካሪ አየር ጋር ስለሚገናኙ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የአፍንጫው ጫፍ ከፍታ ነው። አየሩ የሚቆምበት ነጥብ ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ መኪናው ሥር የሚገባው ያንሳል፣ አፍንጫውን ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይልም ይቀንሳል። ከመሬት እስከ ኮፈኖው ጠርዝ ካለው ከፍታ አንድ ሦስተኛው ላይ ጫፉን አስቀምጡት። ከዚያ ወደ ኮፈኖው የሚወጣው መስመር አንድ ወጥ ኩርባ ይሁን፤ ኮፈኖውን ሲገናኝ ድንገት መታጠፍ የለበትም።

ርዝመቱን አታብዙት። ከፋብሪካው አፍንጫ ሃያ ወይም ሠላሳ ሴንቲ ሜትር መውጣት ለማድቦልቦሉ ይበቃል። ከዚያ የበለጠው ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ስለ ቀጥታ መሄድ በምናወራበት ክፍል እንደምታዩት ዋጋ ያስከፍላል።

ይህን ሁሉ በወፍራም ካርቶንና በፕላስተር መኪናው ላይ ሥሩት። ክሮቹን እንደገና ለጥፋችሁ በ60 ኪሎ ሜትር እዩ። ካርቶን በአንድ ከሰዓት ይቀየራል፤ ፋይበር ግላስ አይቀየርም። የፊት መብራቶቹን ጉድጓድ በግልጽ ፕላስቲክ ከገላው እኩል ሸፍኑ፤ በኮፈኖውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት በፕላስተር ዝጉ። ወንዶቹ ልጆች ይስቁባችኋል፤ ይሳቁ።

ሥሩን ዝጉ

ከፓራውልቱ በታች ወደ መሬት የሚወርድ ግድብ፣ ወደ ሥር የሚገባውን አየር ከመሪ ዘንግ፣ ከካርተርና ከማርማታ ቱቦ ጋር ከመላተም ያድነዋል። አስፋልት ላይ ከመሬት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ጨው ወይም አፈር ላይ ደግሞ 10 እና ከዚያ በላይ ይተው። ግድቡ የፊት ስፋትን ስለሚጨምር ዝቅ ባለ ቁጥር ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ማርሽ በማውጣቱ ፈተና ከፍታውን እየለዋወጣችሁ ምረጡ።

ከግድቡ ሥር ወደ ፊት የሚወጣ ስስ ጠፍጣፋ፣ ስፕሊተር የሚባለው፣ በላዩ የቆመውን አየር ግፊት በመጠቀም አፍንጫውን ወደ መሬት ይጫናል። 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የሚፈለገው የማንሳት ኃይሉን ወደ ዜሮ ማቅረብ ብቻ ነው። ምንም ካልተደረገ፣ የማንሳት ኮፊሸንቷ 0.2 የሆነች መኪና በ200 ኪሎ ሜትር ከፊት ጎማዎቿ ላይ 57 ኪሎ ያህል ይቀነስባታል፤ መሪው ይቀልላል። ፊቱን ከመጠን በላይ መጫን ደግሞ የኋላውን ያቀልላል፤ ያኛው ይብሳል።

ለራዲያተሩ የሚበቃውን ብቻ ስጡት

ግሪሉ ውስጥ የገባ አየር ሁሉ ሞተሩን ተደናብሮ፣ ፍጥነቱን አጥቶ ሥር ሲወጣ ተቃውሞ ነው። ስለዚህ ግሪሉን ሙሉ በሙሉ ዝጉና በቱቦው ፈተና ንባቡ ለዜሮ በቀረበበት ቦታ አንድ አፍ ክፈቱ። የአፉ ስፋት ከራዲያተሩ ፊት ሩብ እስከ ሲሶ ይሁን። ከአፉ እስከ ራዲያተሩ ድረስ በላሜራ የተዘጋ መተላለፊያ ሥሩ፤ ግድግዳዎቹ በእያንዳንዱ ጎን ከ10 ዲግሪ ባልበለጠ እየሰፉ ይሂዱ። የራዲያተሩን ዙሪያ በስፖንጅ ድፈኑት፤ አየር ቀዳዳ ካገኘ በራዲያተሩ ውስጥ ማለፍ አይወድም። መውጫው በኮፈኖው የፊት ሲሶ፣ መሳቡ በበረታበት ቦታ ይሁን።

ውኃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ አትርሱ። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካልሆነ ከፍታው ውኃውን ቶሎ ያፈላባችኋል።

ሩጫው አጭር ከሆነ ደፋሩ መንገድ አፉን ጭራሽ መዝጋት ነው። ጥር 1938 በፈረንጆች አቆጣጠር ሩዶልፍ ካራቺዮላ በመርሴዲስ በጀርመን አውራ ጎዳና 432.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሮጥ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በበረዶ ሣጥን ነበር፤ አፍንጫው ላይ የነበሩት ለሞተሩ መተንፈሻ የሚሆኑ ትናንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። አሥር ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስከ 90 ዲግሪ እስኪሞቅ 7 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይውጣል። ሞተሩ ለውኃው 60 ኪሎ ዋት ሙቀት የሚሰጥ ከሆነ ይህ ሁለት ደቂቃ ያህል ያቆያል። የበረዶ ውኃ ግን በቀጥታ ወደ ጋለ ሞተር አይላክ፤ ቴስታው ሊሰነጠቅ ይችላል። በቴርሞስታት ከሙቁ ውኃ ጋር እየተደባለቀ ይግባ።

ቀጥ ብሎ መሄዱን አረጋግጡ

ካራቺዮላ በሮጠባት በዚያችው ዕለት፣ በዚያው ጎዳና፣ በርንት ሮዘማየር በአውቶ ዩኒየን መኪናው ክብረ ወሰኑን ሊመልስ ሲሞክር ሞተ። የጎን ነፋስ መኪናውን እንዳሳተው በሰፊው ይታመናል። ይህን ክፍል የዘለለ ሰው የቀረውን ባይሠራው ይሻላል።

መኪና የጎን ነፋስ ሲመታው አየሩ የሚገፋበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በስተኋላ ከሆነ፣ አፍንጫው ወደሚሄድበት ይመለሳል። በስተፊት ከሆነ ነፋሱ አፍንጫውን ይበልጥ ያዞረዋል። አፍንጫ ባረዘማችሁ ቁጥር የግፊቱን ማዕከል ወደ ፊት እየጎተታችሁ ነው።

የክብደት ማዕከሉን ለማግኘት የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ ሚዛን ላይ አውጡ። የኋላውን ክብደት ለጠቅላላው አካፍላችሁ በሁለቱ አክስሎች ርቀት አባዙት። የዲኤክስ ርቀት 2.40 ሜትር ነው፤ ለምሳሌ ፊቱ 520፣ ኋላው 430 ኪሎ ቢሆን ማዕከሉ ከፊት አክስል 1.09 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ የመኪናዋን የጎን ፎቶ አዲሱን አፍንጫ ጨምራችሁ በካርቶን ቅረጹና በመርፌ ጫፍ ላይ ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ነጥብ ፈልጉ። ያ ነጥብ የጎን ስፋቱ ማዕከል ነው። ተጠንቀቁ፦ እውነተኛው የግፊት ማዕከል ከዚህ ነጥብ በስተፊት ነው የሚውለው፤ ካርቶኑ ያሞካሻችኋል። ስለዚህ ነጥቡ ከክብደቱ ማዕከል በጥቂቱ ወደ ኋላ መሆኑ አያጽናናችሁ። አፍንጫውን አሳጥሩ፣ ከኋላ ቀጥ ያለ ክንፍ ጨምሩ፣ ሊንቀሳቀስ የሚችል ክብደት ካለ ወደ ፊት አምጡ።

አሁን ሥሩት

የካርቶኑን ቅርጽ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ወደ ኮምፔንሳቶ ጎድን አውርዱ። ጎድኖቹን በቱቦ ላሬ ላይ አቁማችሁ መካከላቸውን በፎም ሙሉ፣ ላዩን በጀሶ ድፈኑ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ሰም ቀቡ። በላዩ ፋይበር ግላሱን በሦስት ወይም በአራት ድርብ አንጥፉ፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይስጥ። ጠርዙና መያዣው ያለበት ቦታ ላይ ድርብ ይጨመር። የደሴ ብርድ ሬዚኑን ስለሚያዘገየው ይህን ሥራ ኮምቦልቻ መሥራት ይቀላል፤ ደሴ ከሆነ እኩለ ቀን ይጠበቅ። ማድረቂያውንና የኮባልት ማፍጠኛውን በቀጥታ አንድ ዕቃ ውስጥ አትቀላቅሉ፤ ይፈነዳል። አንዱ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ከተዋሐደ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው። በር ክፈቱ፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ።

መያዣዎቹ ከሻሲው ጋር ይታሰሩ እንጂ ከፓራፋንጎ ላሜራ ጋር አይታሰሩ። በ200 ኪሎ ሜትር ኮምቦልቻ ላይ አየሩ የሚቆምበት ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር 150 ኪሎ ይጫናል። ስፕሊተሩ ከላይ ሲገፋ ከሥር ደግሞ ይሳባል። ሊመጣ የሚችለውን ጭነት አስልታችሁ እጥፉን በአሸዋ ከረጢት ጫኑበት። ከጎበጠ ወይም መያዣው ከጮኸ ዘንግ ጨምሩ፤ ተነቅሎ የፊት ጎማ ሥር የሚገባ አፍንጫ ሾፌሩን ይገድላል።

ደረጃ በደረጃ ፍጥነት ጨምሩ

ክሩን፣ ቱቦውንና ማርሽ የማውጣቱን ፈተና በአዲሱ አፍንጫ ድገሙ፤ ቁጥሮቹን ከድሮዎቹ ጎን ጻፉ። ከዚያ በ20 በ20 ኪሎ ሜትር እየጨመራችሁ፣ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ቡሎን ሁሉ ይፈተሽ።

በዚህ ጊዜ አፍንጫው እየተነሳ እንደሆነ የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ከፊት ጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ ማስመሪያ ለጥፉና ትንሽ ካሜራ አቅጣጫውን ወደዚያ አድርጋችሁ እሰሩ። መኪናዋ ቆማ ሳለ 20፣ ቀጥሎ 40 ኪሎ አሸዋ በፊት አክስሉ ላይ ጭናችሁ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚጠብ መዝግቡ። አሁን በሩጫ ጊዜ የሚታየውን ለውጥ ወደ ኪሎ መቀየር ትችላላችሁ። ክፍተቱ በ120 ኪሎ ሜትር በ6 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ኃይሉ በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ በ200 ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ሳታዩና በአሸዋው መዝገብ ስንት ኪሎ እንደሆነ ሳታሰሉ 140ን አትሞክሩ፤ ከ20 ኪሎ በላይ ከሆነ መኪናዋ ወደ ጋራዥ ትመለስ፣ ስፕሊተሩ በአንድ ሴንቲ ሜትር ይርዘም፣ ሙከራውም ከ80 እንደገና ይጀመር።